የሦስተኛው ካሴት የመጨረሻ ዘፈን

በክርክር ተሸንፌ አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያሸነፍኩት ትክክል ስለሆንኩ ሳይሆን ሌላው ሰው ስለሚደክመው ነው። እናቴ "ይቺ ልጅ በምላሷ ትዳሯን ታፈርሳለች" ትል ነበር። ትዳሬን ያፈረሰው ሌላ ነገር ነው። ምላሴ ግን አንድ ጊዜ ከትዳር የማይተናነስ ነገር ሊያሳጣኝ ነበር።

ቤቴ ሜልቦርን፣ ዌስት ፉትስክሬይ ነው። የምሠራው ዌሪቢ፣ ሰላጣና አበባ ጎመን የሚታሸግበት መጋዘን ውስጥ ነው። መጋዘኑ ከባቡር ጣቢያው ሩቅ ስለሆነ፣ ሺፍታችንም ጠዋት አንድ ሰዓት ስለሚጀምር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የሄድኩት በሰው መኪና ነው። የመኪናዋ ባለቤት እዚያው መጋዘን የሚሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ ናቸው። የደሴ ሰው ናቸው፤ ኬንሲንግተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ፤ ጡረታ ሊወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤቴ ደጃፍ ይቆማሉ። ጡሩምባ አይነፉም፤ "ጎረቤት ተኝቷል" ይላሉ፤ መብራቱን አንድ ጊዜ ብልጭ ያደርጉታል፤ እኔም ካልሲዬን በእጄ ይዤ እወጣለሁ። ሁለት መንገድ አልፈን ደግሞ ፎርክሊፍት የሚነዳውን የጅማውን ሰውዬ እናነሳለን። እሱ ሃምሳ ሊደፍን ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። የባንዱን ዘፈኖች ግን ትርጉማቸውን ከማወቁ በፊት በቃሉ ይዟቸው ነበር።

ባንዱ ያልኩት እኛን ሦስታችንን ያገናኘንን ባንድ ነው። በደርግ ጊዜ ሦስት ካሴት አውጥቶ የተበተነ ባንድ ነው። ሦስት ብቻ። በሦስት ካሴት አሥራ አንድ ዓመት እንዴት ይከራከራሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመኪና ተሳፍሮ ወደ ዌሪቢ የሚወስደውን የጂሎንግን መንገድ በጠዋት አያውቀውም ማለት ነው።

የጅማው ሰውዬ የመጀመሪያው ካሴት ወገን ነው። በዚያ ካሴት ላይ ሦስት ነፋሾች ነበሩ፤ ኪቦርድ አልነበረም። "ኪቦርድ ሲገባ ባንዱ ሞተ" ይላል፤ "ከዚያ በኋላ ያለው ተዝካሩ ነው።" እኔ የሦስተኛው ነኝ። የመጀመሪያው ካሴት ለኔ የሠርግ ቤት ጫጫታ ነው፤ ነፋሾቹ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያወሩት። ሁለተኛውን ካሴት የሚወድ ሰው የለም። አልፎ አልፎ ብቻ አንዳችን አዝነንለት እንሟገትለታለን። የጋሼ መኪና ማጫወቻ በአንድ ወቅት ካሴት በልቶ ነበር፤ የበላውም የኔን ሁለተኛ ካሴት ነው፤ ማናችንም አላለቀስንም። ከዚያ ወዲህ ማጫወቻው አፍ ውስጥ የፋርማሲ ደረሰኝ ተሰክቶበት ቀረ። ሙዚቃ ሲያስፈልገን ስልካችንን ባዶ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ እናቆማለን፤ ድምፁ ጎላ ይላል።

ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው ደግሞ ሌላ ችሎት ነበር። አረብ አገር የቀረው ድራመር፣ አግብቶ ሚስቱ የከለከለችው ባስ ጊታሪስት፣ አኩርፎ ወጥቶ በዓመቱ አፍሮ የተመለሰው ሊድ ጊታሪስት። እኔ ሁሉንም ከነአባታቸው እጠራቸዋለሁ። ልጄ አንድ ቀን ስልክ ላይ ስከራከር ሰምታ፣ ስለ ዘመዶቻችን የማወራ መስሏት "አር ዜይ ኦልራይት?" ብላኛለች። በረመዳን ጋሼ ሙዚቃ አይከፍቱም፤ ክርክሩ ግን አይጾምም ነበር።

ጋሼም የሦስተኛው ካሴት ወገን ናቸው። ምክንያታቸውን የነገሩን በሦስተኛው ዓመታችን ነው፤ መንገዱ በአደጋ ተዘግቶ መኪናው ቆሞ ሳለ። በዚያ ካሴት የመጨረሻ ዘፈን ላይ አንድ የሳክስፎን ሶሎ አለ። የባንዱ ነገር የገባው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

"እሱን የሚነፋው ታናሽ ወንድሜ ነው" አሉ።

ሳቅኩ። ምን ላድርግ! ሜልቦርን ውስጥ የአንድ የታወቀ ዘፋኝ የአክስት ልጅ ያልሆነ ሐበሻ ገጥሞኝ አያውቅም። ጋሼ ግን አልሳቁም። ነገሩን አንድ በአንድ አስረዱን። የባንዱ ሳክስፎን ተጫዋች ካሴቱ በሚቀዳበት ሳምንት ከኃላፊው ጋር ተጣልቶ ወጣ። የቀረው አንድ ዘፈን ብቻ ነበር። ከወሎ ኪነት ጋር አዲስ አበባ መጥቶ የነበረው ወንድማቸው ተጠራ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አባታቸው የደሴ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ሶላት የማያልፋቸው፤ ልጃቸው ዘፈን ቤት ውስጥ ነው ቢባሉ ቤቱ ይፈርስ ነበር። ስለዚህ ልጁ ስሜ እንዳይወጣ ብሎ ለመነ። ሽፋኑ ላይ ሳክስፎን ከሚለው ጎን የታተመው የወጣው ሰው ስም ነው። በዚያው ዓመት ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ አልተመለሰም። መቃብር የለውም። ፎቶውም በተከታዩ ጦርነት ከቤታቸው ጋር ጠፋ።

"ያቺ ሶሎ ናት የቀረችኝ" አሉ።

"ካሴቷ አለችዎት?" አልኩ።

"አለች። ከአገር ስወጣ በካልሲ ጠቅልዬ ነው ያመጣኋት።"

"ታዲያ ያሰሙና!"

"አንድ ፍሬ ናት እኮ፣ እህቴ። ብትበጠስስ?"

እንግዲህ ካሴቱ እኔም ዘንድ ነበር። የአክስቴ ልጅ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት ይሠራ ነበር፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከነሽፋኑ ሰጥቶኛል። ያንን የመጨረሻ ዘፈን ከማውቃቸው ጸሎቶች በላይ ሰምቼዋለሁ። የሚነፋው ሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰውዬ መሆኑን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፤ ከሁለቱ ካሴቶች አነፋፉን አውቀዋለሁ፤ ዜማው መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚያንቀጠቅጣት ነገር አለች። ጋሼን ውሸታም አላልኳቸውም። ሐዘን ያመጣው ነው አልኩ። ይሄ ከውሸታም የባሰ ስድብ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ለስምንት ዓመት ነገሩ በተነሳ ቁጥር "እሺ ጋሼ፣ ወንድምዎ ነው" እያልኩ ለጅማው ሰውዬ በመስታወት እጠቅሰው ነበር። እሳቸው የሚነዱት ያንኑ መስታወት እያዩ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የጅማው ሰውዬ በሩን ገና ሳይዘጋ "አገኘሁት!" አለ። "የመጨረሻውን ዘፈን! አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ አፕሎድ አድርጎታል።"

ስልኩን ኩባያው ውስጥ አቆመው። ዘፈኑ ወጣ፤ ሶሎው ደረሰ። የኔው ነው፤ አንድም የተለየ ነገር የለውም፤ መጨረሻ ላይ ያቺ መንቀጥቀጥም አለች።

ጋሼ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ አይደለም" አሉ።

"እንዴት አይደለም? ካሴቱ እኔ ዘንድ አለ፤ ቁርጥ ይሄው ነው!"

"አይደለም አልኩሽ። የወንድሜን ትንፋሽ አላውቅም?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ቅዳሜና እሑድ የሌሊት ሺፍት ተጨምሮብኝ፣ ሁለት ቀን በቅጡ ሳልተኛ ነበር፤ ግን ይሄ ሰበብ ነው፤ ተኝቼም ቢሆን ዝም አልልም ነበር። "ጋሼ" አልኩ፣ "ሽፋኑ የሌላ ሰው ስም ይላል፤ ጆሯችን የሌላ ሰው ነው ይላል፤ ካሴትዎን አውጡ ስንልዎ ደግሞ እንቢ ይላሉ። የሞተ ሰው መጥቶ አይመሰክርም ብለው ነው?"

የጅማው ሰውዬ ለራሱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ወደ ኦሮምኛ የሚሄደው ሲደነግጥ ነው። ጋሼ ስልኩን ከኩባያው አውጥተው በቀስታ መለሱለት። ዌሪቢ እስክንደርስ አልተናገሩም።

በማግሥቱ አይመጡም ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። "እንደምን አደርሽ" አሉኝ፤ በሩን ከውስጥ ከፈቱልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ሰላምታ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። ብሬክ ሲሆን ምሳቸውን ይዘው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ፤ እኔ ከመስኮቱ ሆኜ አያቸዋለሁ። ጥለውኝ ቢሄዱ ኖሮ ተቆጥቼ እገላገል ነበር። እሳቸው ግን ማሞቂያውን ወደኔ አዙረውልኝ ነው የሚያኮርፉት። እንደዚያ ያለ ቅጣት ተቀጥቼ አላውቅም።

ያን ጊዜም ቢሆን ግን ልቤ ትክክል ነሽ ይለኝ ነበር። እንዲያውም ምስክር ልጨምር ብዬ አንድ እሑድ አዲስ አበባ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። አሁን አያት ሆኗል፤ የሙዚቃ ቤቱን ነገር ሲያነሱለት ግን ወጣት ይሆናል። ጉዳዩን ነገርኩትና "አንተ ፍረደን" አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ሳል እስኪሆንበት ሳቀ።

"አንቺ፣ ያንን ካሴት እኮ እኔ ነኝ የቀዳሁልሽ!"

"ምን ማለት ነው የቀዳሁልሽ? ሽፋን አለው እኮ።"

"ሽፋኑ የዋናው ነው። ዋናው ካሴት ከሱቁ መሣሪያ ገብቶ መጨረሻው ተኮማተረ፤ ሊጣል ሆነ። ሽፋኑን ወሰድኩልሽ፤ ዘፈኖቹን ወደ ባዶ ካሴት ገለበጥኳቸው። የመጨረሻው ግን አልወጣ አለ። ባዶ ከሚቀርብሽ ብዬ ያንኑ ዘፈን ከሌላ ቅጂ አምጥቼ ሞላሁት። ለሬዲዮ ቀደም ብለው የተጫወቱት ነበር። ያው ዘፈን ነው፣ ማን ያውቅብኛል ብዬ! ያንን የሬዲዮ ቅጂ በስንት ሰው ካሴት ላይ ገልብጬዋለሁ መሰለሽ።"

"ዋናው ላይስ?" አልኩ። "ዋናው ላይ ሳክስፎኑን የሚነፋው ያው ሰውዬ ነው?"

"የለም፣ እሱማ ወጥቶ ነበር። አንድ ልጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጋ ልጅ ነው አሉ፤ ከወዲያ ከወሎ የመጣ።"

ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰማሁት፣ ስምንት ዓመት በሰው ሐዘን ላይ የጠቀስኩበት ካሴት የአንድ ጎረምሳ መሙያ ነበር። የባንዱን የዘር ሐረግ አውቃለሁ የምለዋ እኔ፣ የያዝኩት ካሴት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ተቀምጬ ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

በአገራችን እንዲህ ያለ ጥፋት በስልክ አይታረቅም፤ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ነው። እኔ ግን ሽማግሌ የምለው ጋሼን ራሳቸውን ነበር። የጅማው ሰውዬ ዘንድ ሄድኩ።

"እኔ? ሽማግሌ?" አለ። "ጋሼ አባቴ ይሆናሉ እኮ፣ እትዬ።"

"ሌላ የለኝም። ኮት ልበስ።"

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ ነበረኝ። ፉትስክሬይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ የካሴት ማጫወቻ አገኘሁ፤ እጀታው የተሰበረ፣ ቢሆንም የሚሠራ። ቴፑ የሚነካውን ብረት በጥጥና በአልኮል ጠርጌ፣ ጎማዋን አጽድቼ፣ በፎጣ ጠቀለልኩት። በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኬንሲንግተን ሄድን። የጅማው ሰውዬ ኮት ለብሷል፤ ከሱሪው ጋር አይሄድም።

በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው ናቸው። አዩኝና ዝም ብለው አቀፉኝ፤ ሁሉንም ያውቃሉ ማለት ነው። ጋሼ ከሶፋው ተነሡ። ተቀመጡ ሳንባል የጅማው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠርጎ "እንግዲህ የመጣነው…" ብሎ ጀመረና ቀጣዩ ጠፋው። እኔ ቀጠልኩ።

"ጋሼ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እውነቱን ነው የነገሩን። የተሳሳተው የኔ ካሴት ነው።" የአክስቴ ልጅ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የመሣሪያውን፣ የሙሌቱን፣ ከወሎ የመጣውን ልጅ። "ይቅር ይበሉኝ። ለካሴቴ ብቻ አይደለም። ስለጠቀስኩት ጥቅሻ ጭምር።"

"ጥቅሻውን አይቼዋለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

ሶፋው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከዚያ "ከወዲያ ከወሎ የመጣ ልጅ አለሽ?" አሉ። "እንዲያ ነው ያለው?"

"እንዲያ ነው ያለኝ።"

ባለቤታቸው ሳይጠየቁ ወደ መኝታ ቤት ገብተው አንድ ግራጫ ካልሲ ይዘው ተመለሱ። "ተጋብተን ሠላሳ ዓመታችን ነው፤ እኔም ሰምቼው አላውቅም" አሉ። ጋሼ ካልሲውን ተቀበሏቸው፤ ግን አልፈቱትም። ከፎጣው የፈታሁትን ማጫወቻ ያያሉ፣ ካልሲውን ያያሉ።

"መጀመሪያ የኔን እናስገባ" አልኩ። "ከበላም የኔን ይብላ።"

ካሴቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ ውሸቷን ባውቅም እወዳታለሁ። ሁለተኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው አጫወትናት። ማጫወቻው አልበላትም። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ግን አንዲት "ቋ" የምትል ድምፅ መጣች፤ የመዝገቢያ ቁልፍ ሲጫን የሚሰማ ድምፅ ነው። ዕድሜ ልኬን ሰምቻታለሁ፤ የዘፈኑ አካል ትመስለኝ ነበር።

ጋሼ ካልሲውን ፈቱት። ካሴቷ ከነሽፋኗ ነበረች፤ ሽፋኗ ጠርዙ ላይ ነጥቷል። ቴፑ ላልቶ ስለነበር በቢክ እስክሪብቶ እየጠመዘዝኩ አጠበቅኩት፤ እሳቸው እጄን ያያሉ፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። አስገባኋት። "እርስዎ ይጫኑት" አልኳቸው። "ቢስሚላህ" ብለው ተጫኑት።

ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፤ ግን ዝግ ይላል። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ገና አፉን ሳይዘጋ ሳክስፎኑ ገባ። ተሳስቶ ነው፤ ቀድሞ ገባ። አንዲት ድምፅ ብቻ፤ ከዚያ ደንግጦ አቆመ። ያኔ ባንዱ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚቀዳ የተሳሳተ አይታረምም፤ እንዳለ ነው የሚሸጠው። ቀጥሎ ቦታው ሲደርስ በደንብ ገባ። መንቀጥቀጥ የለውም፤ ጌጥ የለውም። ከየድምፁ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል፤ ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ የሚተነፍስ መሰለን።

ጋሼ እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው ይወርዳል። "ያቺን ሰማችኋት?" አሉ። "ቀድሞ ሲገባ? እናታችን ድምፁን ዝቅ አድርጋ ከአባታችን ደብቃ ስትሰማው፣ እዚያች ጋ ስትደርስ 'ሳይጠሩት አቤት!' ትለው ነበር።"

የጅማው ሰውዬ ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። "የመጀመሪያው ካሴት ይበልጣል የምለውን ለዛሬ አነሳሁ" አለ። ለዛሬ ብቻ መሆኑን ደግሞ አስረዳን። ባለቤታቸው እንዲደገም ፈለጉ፤ ጋሼ እምቢ አሉ። "ይብቃት፤ አሮጊት ናት" ብለው ካሴቷን አወጧት።

ከዚያ ሽፋኑን አንሥተው አነበቡት። ድራም፣ ባስ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን።

"አባታችን ካረፈ ሃያ ዓመት አለፈው" አሉ። ለማን እንዳሉት አላወቅሁም። ቀጥሎ ቢኩን ወደኔ ገፉት። "ያንቺ ጽሕፈት ያምራል፤ ጻፊልኝ።"

እስክሪብቶውን ይዤ ጎንበስ አልኩና ቀረሁ። የአረብ አገሩን ድራመር ከነአባቱ አውቃለሁ። ሚስቱ የከለከለችውን ከነአባቱ አውቃለሁ። የዚህን ልጅ ስም ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳን ጠይቄያቸው አላውቅም። "ማን ብዬ ልጻፍ፣ ጋሼ?" አልኩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ስሙን ነገሩኝ።

"ከነአባቱ?"

ባለቤታቸው እጃቸውን በጋሼ ትከሻ ላይ አሳረፉ።

"ከነአባቱ" አሉ።

ወረቀቱ ስለሚያብረቀርቅ የመጀመሪያው ፊደል እንቢ አለኝ። እስክሪብቶውን በትንፋሼ አሙቄ ደግሜ ጫንኩ። የቀድሞውን ሰው ስም አልሰረዝኩም። ከእሱ ሥር፣ ሳክስፎን ከሚለው ጎን፣ ልጁንና አባቱን አንድ ላይ ጻፍኳቸው።